የአክስቴ እንሰትና የጎረቤት ቢላዋ

ሲቀላ የሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር ውስጥ የባልትና ሱቅ የከፈትኩት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሱቅ ይባል እንጂ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ቅቤ የታጨቀበት አንድ ክፍል ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ቅቤ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል፤ ጠዋት ያስቀመጥኩት ቀትር ላይ ዘይት ሆኖ ይጠብቀኛል። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ከነጋዴ ምኑ ከምኑ እንደተቀላቀለ የማላውቀውን ተረክቤ ለሰው ልጅ አላበላም ብዬ፣ ዕቃዬን በየገበሬው ጓሮ እየዞርኩ ነበር የምገዛው። ለማንጎ ምዕራብ ዓባያ፣ ለማር ካምባ፣ ለቅቤና ለቡላ ወደ ደጋ። ባለቤቴ "አንቺ የምትሸጪው ዕቃ ሳይሆን እግርሽን ነው" ይለኝ ነበር። ይበል፣ እግሩ የእኔ ነው።

ከሁሉም የምወደው ደጋው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር አክስቴ ዘንድ መውጣት ነበር። የአባቴ እህት ናት። ከመኪና ወርዶ ዳገቱን በእግር መያያዝ ነው፤ ላዩ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ላብን ያደርቃል፣ ትንፋሽ ይመለሳል። የአክስቴ ቤት ከእንሰቱ መሀል ስለተደበቀ ከመንገድ አይታይም ነበር። ባሏ ሞቷል፣ የወለደቻቸውም አልቆዩላትም። ያላት እንሰቱ ነው፤ ራሷ ተክላ፣ ከቦታ ቦታ አዛውራ፣ ፍግ አልብሳ ያሳደገችው። እንሰት እንደ ጎመን ዘንድሮ ተተክሎ ዘንድሮ አይበላም፣ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ትንሹንም፣ መካከለኛውንም፣ ትልቁንም ጎን ለጎን ይዛ ነው የምትኖረው። የደረሰውን ትቆርጣለች፣ ትፍቃለች፣ ቆጮውን ጉድጓድ ቀብራ ታብላላለች፣ ከጭማቂው የሚዘቅጠውን ነጩን ቡላ ለእኔ ታስቀምጥልኛለች። የእሷ ቡላ ስም ነበረው። አራስ ያለበት ቤት ሁሉ "የኦቾሎዋ አለ?" ብሎ ነው የሚመጣው።

"ውረጂና ከእኔ ጋር ኑሪ" ስላት ትስቅብኝ ነበር። "እታች ያለው ወባና ሙዝ ነው። ሙዝ ምን ምግብ ነው? ቅጠሉን ስታዪው እንሰት ነው ትያለሽ፣ ሥሩን ብትቆፍሪው ባዶ! አታላይ ነው።" ቆላ መውረድ ለእሷ ከነነፍስ መቀበር ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማንንም እጅ ሳታይ በጓሮዋ አርጅታ እዚያው መሞት። እንሰቷ እስካለ ድረስ ይህን የሚከለክላት አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ስወጣ፣ ደጃፍ ላይ አልተቀበለችኝም። ጓሮ ገብቼ አየኋት፤ አንድ ትልቅ እንሰት ሥር ቆማለች። የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ግንዱን በቢላዋ ጫር ስታደርገው እንደ መግል ያለ ቢጫ ነገር ወጣ። ከጀርባው ሁለተኛ አለ፣ ሦስተኛም አለ።

"ምን አጥፍቼ ይሆን?" አለችኝ። ሰላምታ እንኳ አላቀደመችም።

በእኛ አገር የአባቶችን ሥርዓት መጣስ ጎሜ ይባላል። ከብት ቢሞት፣ ሰብል ቢጠፋ፣ ልጅ ቢታመም፣ ሰው መጀመሪያ የሚመረምረው ራሱን ነው። አክስቴም ያን ሰሞን ራሷን ስትመረምር ከረመች፤ ማንን አስቀይሜ ነው፣ የማንን ድንበር ገፍቼ ነው ስትል። ቅዳሴ አታጓድል፣ ሰው አታማ፤ ምን ልታገኝ! ሽማግሌዎቹ መጥተው መረቋት። ምርቃቱ ሳይበቃቸው ደግሞ የታመመው ተቆርጦ ይውጣላት ብለው ደቦ ጠሩላት።

ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ በየእጃቸው ቢላዋ ይዘው እየዘፈኑ ገቡ፤ ከፊት ከፊት አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ አብረው ያረጁ፣ እሳት የሚጫጫሩ፣ ሲጣሉም እስከ ማታ የማይቆዩ። "ያንቺ ይስላል፣ ወዲህ በይው!" ይባባላሉ፤ ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የታመመውን ቆረጡ፣ የጤነኛውንም የታች ቅጠል አጸዱላት፣ ተሳሳቁ፣ ያለውን ተቃምሰው ወደ ማታ ተበተኑ። እቤታቸው ሲደርሱ በዚያው ቢላዋ ከየጓሯቸው ለከብት የሚሆን የእንሰት ቅጠል ቆረጡ። ሁሌም የሚያደርጉት ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኔማ እንዲህ ያለ ሰው የት አለ ብዬ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነው የወረድኩት።

ብዙም አልቆየ። የአክስቴ እንሰት ከጥግ እስከ ጥግ ይጠወልግ ጀመር። የጎረቤቷም ያዘው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቤትም።

ከሱቄ ሽሮ የሚገዛ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ከሰሜን መጥቶ የተመደበ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ። ለምኜ ይዤው ወጣሁ። ጓሮውን ዞሮ፣ ግንድ ሰንጥቆ አየና "በምንድን ነው የሚቆርጡት?" አላት። ቢላዋዋን አሳየችው።

"እማማ፣ በሽታው የሚሄደው በዚህ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ እሳት ሳያየው ጤነኛውን ከነካ በቃ፣ ያም አለቀ። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በየግንዱ በእሳት መለብለብ ነው። እንዲያ ከሆነ ያልተያዘው ይድናል።"

አማርኛው ስለሚያስቸግራት በጋሞኛ ነገርኳት። ከዚያ ቢላዋዋን አገላብጣ አየች፣ አጥሩን አሻግራ ወደ ጎረቤቷ ጓሮ አየች፣ በቆመችበት ቁጭ አለች።

"ገደልኳቸው" አለች።

ልጁ ምን አለች ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አልነገርኩትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፤ እሱ ምን በወጣው፣ ግን ያን ሰዓት ፊቱን ማየት አስጠላኝ። ያችን አንዲት ቃል ከደቦው በፊት የሚነግረን ሰው እንዴት ይጠፋል?

እሱ ራሱ ይንገራቸው ብላት እምቢ አለች። "እሱ ከነገራቸው የመንግሥት ወሬ ነው። ከእኔ ነው የወጣው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።" እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ዱቡሻ፣ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። እዚያ ሴት ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ሁሉን ተናገረች፤ በሽታው ከጓሮዬ ወጣ፣ በቢላዋችሁ ተከትሏችሁ ገባ፣ ልትረዱኝ መጥታችሁ ነው፣ አሁንም ያልተያዘ ጓሮ ያላችሁ ቢላዋችሁን እሳት አሳዩት አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ አንድ አዛውንት ተነሡ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። "ልጄ፣ ለተቸገረ መድረስ ጎሜ ሆኖ አያውቅም" አሉ። "ዛሬ እርዳታ በሽታ ያመጣል ብለን ከተቀበልን ነገ ማን ለማን ይደርሳል? አንቺ ምንም አላጠፋሽም። በደቦ የመጣ መዓት የለም።"

"እውነት ነው!" አለ ሰው ሁሉ። ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። ሴቶቹ ከበቧት፣ እያለቀሱ አቀፏት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለቻት አንዷ። ድግሱ የታለ፣ አሳዪን! ልላት ነበር፣ ዋጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ፣ እንደማይጸየፏት ሊያሳዩዋት፣ ሳትጠራቸው ቢላዋቸውን ይዘው ጓሮዋ ገቡ። የቀረውን ሊቆርጡላት። በር ላይ ቆሜ "እባካችሁ! በእሳት! ቢያንስ ስትወጡ በእሳት!" ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቷ እየሳቀች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

"የእሷን ጓሮ የነካ ቢላዋ በእሳት እንለብልብ? ርኩስ ናት እንዴ? አይ አንቺ፣ ከተማ ገብተሽ ሰው መጸየፍ ተማርሽ።"

ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም። እሳት አንድዳ በሩ አጠገብ አደረገች፤ ሲወጡ ሁሉም እየዘለሉት አለፉ። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር፤ እኔም ያን ቀን ጥላቻን ናፈቅሁ። በፍቅር የሚመጣ ነገር መከላከያ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጓሮ በጓሮ ሄደ። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ከአክስቴ ደጃፍ ላይ ተቁሞ ዓባያ ሐይቅ እስከ ማዶው ይታይ ጀመር፤ ድሮ ከዚያ ደጃፍ ሰማዩም በቅጡ አይታይም ነበር። መንደርተኛው በየፊናው ተበተነ፤ ሽመና የሚችለው ወደ ከተማ፣ የማይችለው ለቀን ሥራ ወደ ቆላ እርሻ። አክስቴም ወረደች። እኔ አይደለሁም ያወረድኳት፤ ራሷ አንድ ቀን ጨርቋን ጠቅልላ ሱቄ በር ላይ ቆመች። "መጣሁ" አለች፣ ሌላ ነገር የለም።

ከሱቁ ጀርባ አልጋ ዘረጋሁላት። ሙቀቱ ያደክማታል፣ ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። ከሌላ አገር የመጣ ቡላ ሳስገባ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ ታሸውና መልሳ ትተወዋለች። መጥፎ ነው አትልም፣ ጥሩ ነው አትልም። ሰው "የኦቾሎዋ አለ?" ብሎ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔም አለቀ እላለሁ። ክረምቱ ሲገባ ወባ ያዛት፤ የደጋ ሰው ነች፣ አልቻለችውም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ያን ያህል የለመነችው አሟሟት እንኳ አልተሰጣትም።

አስከሬኗን አገሯ አወጣነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ ሰው የሚቀመጠው የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ነው፣ እህሉም የሚቀርበው በእሱ ላይ ነው። ከየት ይምጣ? እንዳልዋረድባት ብዬ ከታች እርሻ የሙዝ ግንድ ከነቅጠሉ በአይሱዙ አስጭኜ ነበር። ያን አታላይ ያለችውን ሙዝ። ግንዶቹ ደጃፏ ላይ ተራገፉ፤ በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ አረንጓዴ እሱ ብቻ ሆነ።

ጎረቤቷ መጣች፤ ከስታለች፣ ጎብጣለች። ቢላዋዋን ከመቀነቷ አወጣች። ቅጠሉን ልትቆርጥ ነው ብዬ ስጠብቅ አለፈችውና ቡና ለማፍላት ወደተቀጣጠለው እሳት ሄደች። ቢላዋውን ነበልባሉ ላይ ያዘች፣ ገለበጠች፣ ያኛውንም ፊት አስመታች። ከዚያ ተመልሳ መቁረጥ ጀመረች። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ወደ እሳቱ ሄዱ። አሁን? አሁን ነው? ብዬ መጮህ አማረኝ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩት።

በዚያ መንደር በዚያ ቀን ቢላዋ ሊነካው የሚችል አንድም እንሰት ቆሞ አልነበረም።