የማይደክማት ልጄ

ጂንካ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኜ ስኖር ባልደረባም ተማሪም በሩጫ አላስቸገረኝም። ያዋረደችኝ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ እንሄድ ነበር። አውሮፕላን መምጣቱን ከተወ ወዲህ ሜዳው የላሞችና የኳስ ተጫዋቾች ሆኗል። ከግቡ እንጨት እስከ ጥጉ ዛፍ እንሮጣለን፤ ትንሽ አርፈን ደግሞ እንሮጣለን፤ አንዳችን በቃኝ እስኪል ድረስ። የመጨረሻዋን ሩጫ የተሸነፈ አሸናፊውን እሽኮኮ አድርጎ ቤት ያደርሳል። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። እኔ ብረታ እንዴት እንደምትሸከመኝ ግን አልነገረችኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሩጫዎች ጥያት እሄዳለሁ። ከዚያ ጉልበቴ ይከዳኛል። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳለከልክ እሷ ላም ስታባርር ቆይታ፣ "አባዬ፣ አርፈህ አልጨረስክም?" ትለኛለች። ከዚያማ ትከሻዬ ላይ ናት። በገበያው ሳልፍ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ዛሬም ተሸነፉ እንዴ?" ይሉኛል። ባለቤቴም "ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት" ብላ ትተርትብኛለች።

ምክንያቱንስ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ። ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ደቦ እንደሚጠራ ገበሬ ነው። የአዋቂ ነርቭ ሲጣራ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ያስወጣል፤ ኃይለኞቹ የጡንቻ ክሮች ሥራውን ባንድ አፍታ ያነሱታል፣ ባንድ አፍታም ይዝላሉ። የልጅ ነርቭ ግን እነዚያን ሁሉ መጥራት ገና አልቻለበትም። ቀስ ብለው በሚሠሩት፣ በማይደክሙት ነው የሚሮጠው። ይህን ማወቄ ትከሻዬን አላቀለለልኝም። "አንድ ቀን አሸንፍሻለሁ!" እያልኩ እዝት ነበር፤ የምሬን ነው።

እሷ እያደገች ስትከብደኝ እሽኮኮው እስከ አስፋልቱ ብቻ ሆነ፤ ሩጫው ግን አልቀረም። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ አባርቶ ሣሩ ገና እርጥብ እያለ፣ "ሂድ!" ከመባባላችን ከጎኔ ጠፋች። በመጀመሪያ ሩጫ ቀድማኝ አታውቅም። ጀርባዋን እያየሁ ደረስኩና ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩላት። ሁለተኛውንም ወሰደች። ከዚያ ግን ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ላሞቹን ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። የመጨረሻዋን እኔ ቀደምኩ።

ሣሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ "አባዬ፣ ደከመኝ" አለች።

እዚያ ሜዳ ላይ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ነርቯ ጎረምሶቹን ሁሉ መጥራት ጀምሯል ማለት ነው። ልጄ ማደጓን እናቷ ሳትነግረኝ አወቅሁ። ኮራሁ፤ ሆዴም ባባ።

"አሸንፈሃል እኮ፤ በል ውጣ!" ብላ እየሳቀች ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እኔም ፊቷ ቁጢጥ አልኩ። "ይልቅ አንቺ ውጪ።"

"ያሸነፍከው አንተ ነህ።"

"ቢሆንም ውጪ።"

ወደ ኳስ ተጫዋቾቹ ሰረቅ አድርጋ አየች። "ኧረ አባዬ፣ ሰው ያየናል!"

ለሩጫው ቀይሬ ያስቀመጥኩትን ጫማዬን አንስታ ያዘችልኝና ጎን ለጎን እያወራን ወደ ቤት ሄድን። በገበያው ስናልፍ የተረበኝ ሰው የለም። ያን ሁሉ ዓመት ስዝትበት የኖርኩት ድል ይኸው ነበር፤ ትከሻዬ ግን ቀሎት ደስ አላለውም።