የአክስቴ ቁጣ ስንት ይሁን?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የምኖረው ከአክስቴና ከባሏ ጋር ነው። ባሏ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ባለፈው ክረምት ተማሪዎቼ ኮድ መጻፍን እንዲወዱት ብዬ አንድ ጨዋታ ልሠራላቸው ተነሣሁ። ሥዕል የለውም፣ ድምፅም የለውም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነው። «የግቢው በር ላይ ቆመሃል። ውሻ ይጮኻል። ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቹ «አንኳኳ» ብሎ ይጽፍና ታሪኩ ይቀጥላል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከበዴሳ የመጣ እንግዳ ሶዶ አንድ ቤት አድሮ ጠዋት ወደ ቤሌ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ መያዝ አለበት። ጨዋታው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጠባዩ በቁጥር ተጽፏል። እንግዳው ጥጋብ የሚባል ቁጥር አለው፤ ሲበላ ይጨምራል፣ ሲራመድ ይቀንሳል። የቤቱ እመቤት ደግሞ ቁጣ አላት። ቁጣዋ ከመቶ ካለፈ እንግዳውን ታባርረዋለች፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

እመቤቲቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አክስቴ በየቀኑ ፊቴ ነበረች። ለእመቤቲቱ ስም አልሰጠኋትም እንጂ የአክስቴን ንግግር እንዳለ ነው የገለበጥኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት ተመልሳ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ቀኑን ሙሉ የምትነካኪው ይሄ ነገር ምንድነው?»

«ጨዋታ ነው። ነይ ሞክሪው፤ አንቺ እንግዳው ነሽ።»

መነጽሯን አደረገች። አንኳኳች፣ ገባች፣ ከዚያ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች «ሰላም በል» ብላ ጻፈች።

«እመቤቲቱ ቀና ብላ አየችህ። ቁጣዋ 65 ሆነ» አለ ጨዋታው።

አክስቴ ትንሽ አሰበች። እኛ አገር አንድ ሰላምታ ሰላምታ አይባልም። ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት፤ ቁጣው 70። ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት፤ 75። ስለ ላሟ፣ ስለ እንሰቷ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው ጠየቀች። ቁጥሩ እየወጣ መቶ ደረሰ። በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብላ ጻፈች።

«እመቤቲቱ ክንድህን ይዛ ወደ ደጅ አስወጣችህ። ጨዋታው አበቃ።»

አክስቴ የአፍ መፍቻዋ ወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ስትናደድ ሴትና ወንድ ይቀላቀሉባታል።

«ምን ዓይነት ሴት ነው ይሄ! ሰላም እያልኩት ይቆጣል? ለዚህ ሴት ጸሎት ያስፈልገዋል!»

ጋሼ ከወንበራቸው ላይ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ይህችን ሴትዮ የማውቃት ይመስለኛል» አሉ።

አክስቴ ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበች። «ጫማህን ደጅ አውልቅ፤ ቤቴን መንገድ አደረግኸው እንዴ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ የኔ ቃል ነው።»

ኮዱ ላይ ስህተት መኖሩን ነገርኳት። ሰላምታ ቁጣን በአምስት መቀነስ ሲገባው እኔ በማይነስ ፋንታ ፕላስ ጽፌያለሁ።

«መነሻውስ? ስድሳ ቁጣ ማን ሰጠኝ?»

«እኔ።»

«አሥር አድርጊው።»

«ሰማንያ ይሁን» አሉ ጋሼ።

«አሥር!»

ምልክቱን አስተካክዬ ቁጣዋንም አሥር አደረግሁት፤ እንደገና ተጫወተች። አሁን እንግዳው በጭቃ ጫማው ገባ፤ እመቤቲቱ ፈገግ አለች። ከነጫማው አልጋ ላይ ወጣ፤ «እንደ ቤትህ ሁን» አለችው። አክስቴ ልታረጋግጥ ብላ «ዶሮ ውሰድ» ብላ ጻፈች። እመቤቲቱ «በሰላም ግባ» ብላ ሸኘችው።

«ዶሮዬን ይዞ ሲሄድ ዝም?»

«ቁጣዋ አሥር ነዋ፣ አክስቴ።»

«ሞኝ ነው እንዴ? ጨምሪ!»

ሠላሳ አልን፤ ለጫማው ተቆጣች፣ ለዶሮው ግን አሁንም ዝም አለች። ሃምሳ ላይ ጋሼ አጨበጨቡ፣ አክስቴ ደግሞ አኮረፈች። በመጨረሻ አርባ አምስት ላይ ተስማማን።

ከዚያ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁጣ ብቻ ነው ያላት? ሌላ ምንም የላትም?» አለችኝ።

እውነትም ሌላ የላትም ነበር። ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ «ደግነት» የሚል ቁጥር ጨመርኩ።

«ስንት ልበለው?»

«እኔ ስለ ራሴ አልናገርም» አለችና መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። «ብቻ ከቁጣው አይነስ።»

ዘጠና ጻፍኩ። ጋሼም አልተከራከሩም።

ሰኞ ጨዋታውን ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። ትንሽ ቆይቶ አንዷ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ከቤቱ መውጣት አልቻልኩም።» ሄጄ አየሁ። ደግነቷ ከሃምሳ በላይ ስለሆነ እመቤቲቱ በየተራው ምግብ ታቀርባለች። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በርበሬ መጣ፤ ተማሪዋ በላች። ቆጮ መጣ፤ በላች። እምቢ ስትል ቁጣው ይዘላል፣ ስትበላ ጥጋቧ ይዘላል። ለጥጋብ ጣሪያ አላበጀሁለትም ነበር። «ጥጋብህ 140 ነው። መነሣት አልቻልክም። ቡላ ቀረበልህ» ይላል ስክሪኑ። አንዱ ተማሪ ብልጥ ልሁን ብሎ «ሽንት ቤት ሂድ» ብሎ ጻፈ። ጨዋታው ቃሉን ስለማያውቀው «አልገባኝም» አለውና ተጨማሪ ቆጮ ሰጠው። በዚያ ቀን ከክፍሉ ቤሌ የደረሰ አንድም ሰው የለም።

ማታ ቤት ስገባ ለአክስቴ ነገርኳትና ነገ አስተካክለዋለሁ አልኳት።

«ምኑ ተበላሽቶ ነው የምታስተካክይው?» አለችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። እንግዳ ሆና ገባች፤ ሰላምታዋን አደረሰች፤ የቀረበላትን ሁሉ በላች። አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። አንዴም አልተከፋችም። «አሁን እኔን መሰለች» አለችና ራት ልታቀርብ ተነሣች።

ጋሼ ወጥ ቤት መግባቷን አይተው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ባልም ይግባበት» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምን ቁጥር ልስጣቸው?»

«ትዕግሥት። ግን መቶ አትበይ፣ ትነቃብናለች። ዘጠና ስምንት።»