ለባለቤቴ የተሰጠው ዋሻ

ባሌ ላይ እቀናለሁ ስል ሰው ሁሉ ሴት የተገኘች ይመስለዋል። ሴት የለችም። ሴት ብትኖር ወላሂ ይቀለኝ ነበር፤ ሄጄ ፊት ለፊት የልቤን እነግራት ነበር። እኔን ያስቀናኝ ዋሻ ነው።

ሁለታችንም መንገድ ነዳፊዎች ነን። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፤ ቢሯችን ኮምቦልቻ። ጠዋት ጃኬት ለብሰን ሚኒባስ ውስጥ እንገባለን፤ ጠመዝማዛውን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ይቀበለንና እናወልቃለን። የእኔንም የእሱንም ጃኬት የሚይዘው እሱ ነው። ይህን የምጽፈው መጥፎ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባጠረ፤ እጠላውና አርፍ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። መንገድን እንደ ድፎ ዳቦ አቋርጣችሁ ብትቆርጡት ከላይ አስፋልት፣ ከሥሩ የተፈጨ ጠጠር፣ ከዚያ የተመረጠ አፈር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የድሮው መሬት ይታያል። ያንን ቁርጥ ክሮስ ሴክሽን እንለዋለን፤ እያንዳንዱን ንብርብር ሌየር። ኮምፒውተሩ ላይ በመጀመሪያ አንድ ናሙና ቁርጥ እንሠራለን፤ በእኛ ቢሮ “እናት” ትባላለች። በመንገዱ ርዝመት የሚደረደሩት ቁርጦች ልጆቿ ናቸው። እናቲቱ ላይ ጠጠሩን ብታወፍሩት የልጆቹም አብሮ ይወፍራል። ነገር ግን አንዱን ልጅ ለብቻው በእጅ ከነካካችሁት ከእናቱ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ብትወፍር ብትቀጥን እሱ ወይ ፍንክች።

ይህን ለባለቤቴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሳይት ወደ ቢሮ ሲዛወር ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ አፈርን በእጁ ፈርክሶ ዓይነቱን የሚለይ፣ ማውስ ግን እንደ ጊንጥ በፍርሃት የሚይዝ ሰው ነበር። አጠገቡ ወንበር ስቤ ሌየሮቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። ከሌየር ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ሽምግልና ሄድን። የቢሮ ጓደኞቻችን እስከዛሬ “በሌየር የተጋቡት” ይሉናል።

ከዚያ ዋሻው መጣ። ከያዝናቸው መንገዶች አንዱ ተራራውን ከሚዞር በአጭር ዋሻ አቋርጦት ይለፍ ተባለ። በቢሯችን ዋሻ የነደፈ ሰው አልነበረም። ቡድን መሪያችን ሰበሰበንና ከእኛ መካከል አንድ ሰው በቋሚነት የዋሻ ነዳፊ ሆኖ እንደሚመደብ ነገረን። እኔ ከኮሌጅ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ሥራ ነው።

“የመጀመሪያዎቹ ቁርጦች ቀርበው እናያቸዋለን፤ ከዚያ ቦታው የማን እንደሚሆን እወስናለሁ” አለ። “ለጊዜው እሱ ይያዘው። ሳይት ያውቃል።” እሱ ያለው ባለቤቴን ነው። ወደ እኔ ዞረና “አንቺ ደግሞ ከዋሻው አፍ ውጪ ያሉትን ቦዮች ያዢ” አለኝ። ዋሻው ለእሱ፣ ጎርፉ ለእኔ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። እራት ላይ ዋሻ፣ ሚኒባስ ውስጥ ዋሻ። ዓለቱ ላይ የሚረጨው ኮንክሪት፣ በላዩ ውሃ እንዳያስገባ የሚለጠፈው ሽፋን፣ ከውስጥ የሚሞላው ግንብ፤ ሌየሮቹን እንደ ልጆቹ ስም ይጠራቸዋል። እኔ “እሺ” እላለሁ። አርብ ዕለት ሆጤ ሰፈር እናቱ ዘንድ ስንሄድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት።

“ልጄ ተራራ ሊበሳ ነው አሉ! ያረቢ፣ አንተ አግዘው” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “አንቺም በርቺለት እንጂ” አሉኝ።

“አሚን” አልኳቸው። በርቺ ቢሉኝ ምን ነበረበት? በርቺለት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ሲቁነጠነጥ አየሁት። ዓለቱ ተቆፍሮ ሲመረመር ከተገመተው በላይ ልል ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የሚረጨው ኮንክሪት መወፈር አለበት። እናቲቱ ላይ አወፈረው። ግማሾቹ ልጆች ወፈሩ፤ ግማሾቹ እንደነበሩ ቀሩ።

“እስኪ ነይ እይልኝ፣ ምን ነክቷቸው ነው?” አለኝ።

ገና ሳላየው ገባኝ። እነዚያን ሁሉ አንድ በአንድ በእጁ አስተካክሏቸዋል፤ አንዱን ሌየር ትንሽ ከፍ፣ አንዱን ትንሽ ዝቅ። የሳይት ሰው ልማድ ነው፤ ጠማማ ሲያይ እጁ አያርፍም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። እንደተበላሸ ቢያቀርበውስ የሚል ሐሳብም መጣልኝ። ግን ያ ዋሻ ፊቴ ተከፍቶ እጄን ሰብስቤ መቀመጥ አልቻልኩም። “ተነሥ ከወንበሩ” አልኩት።

የተለዩትን ሁሉ ወደ እናታቸው መለስኳቸው። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ ደግሞ ውሃ የሚከለክለው ሽፋን እንዲሁ ተቆርጦ አየር ላይ ቀርቷል፤ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ከጀርባው ይገባል። እዚያ ላይ ለዋሻው አፍ ብቻ የምትሆን አዲስ እናት ሠራሁ፤ ሽፋኑን አውርጄ ከራሴ ቦይ ጋር አገናኘሁት። ቀና ስል መሽቷል፤ እራቱን እሱ ሠርቷል። ካገባሁት ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ቁርጦቹ በትልቁ ስክሪን ቀረቡ። ቡድን መሪው መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ አንድ በአንድ አያቸው። የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። “ይህን ማን አሰበው? ይህ የዋሻ ነዳፊ ሥራ ነው!” አለ።

ባለቤቴ ተነሣ። “እሷ ናት” አለ። “የተበላሸውንም ያስተካከለችው፣ ይህንንም የሠራችው እሷ ናት። እኔ እራት ነው የሠራሁት።”

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አሁን ‘ዋሻው የአንቺ ነው’ ይላል ብዬ የቡድን መሪውን አፍ ማየት ጀመርኩ።

“እንዲህ ነው ወንድ ማለት!” አለ ቡድን መሪው። “ስንቱ የሚስቱን ሥራ የራሴ ነው ይል ነበር። ጨዋ ሰው!” አጨበጨበ፤ ቢሮው ሁሉ ተከተለው። ያጨበጨቡት ለእሱ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እሱን ግን ቁጭ ብዬ እያየሁ አደመቀው።

ከምሳ በኋላ ውሳኔው ተነገረ። ዋሻው የባለቤቴ ሆነ። “እንዲያውም እኛ ነን ያተረፍነው” አለ ቡድን መሪው። “እቤቱም ረዳት አለችው። በአንድ ወንበር ሁለት ሰው አገኘን።”

“ኢንጂነር” አልኩት። “ወንበሩ አንድ ከሆነ እኔ ልቀመጥበትና እሱ እቤት ይርዳኝ።”

ቢሮው በሳቅ አለቀ። ቡድን መሪው እንባውን እየጠረገ “አይ የወሎ ልጅ፣ ጨዋታ አያልቅባችሁም!” አለኝ። ባለቤቴም ሳቀ። የእሱን ሳቅ ለይቼ ሰማሁት።

ማታ ወደ ደሴ ሽቅብ ስንወጣ ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ደረበልኝና “ተቀየምሽ እንዴ? ነገርኳቸው እኮ” አለኝ።

“ሰምቻለሁ” አልኩት። ንግግሩ ውሸት አልነበረበትም።

በቀጣዩ እሑድ ላፕቶፑን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ “እስኪ ነይ እይልኝ” አለ። እኔ ልብስ አጣጥፍ ነበር። ከሩቅ ስክሪኑን አየሁት፤ ምን እንደጎደለው ወዲያው ታወቀኝ፤ እጄን በላኝ።

“ነገ ቢሮ አምጣው” አልኩት። “ጠረጴዛዬ ድረስ ይዘኸው ና፤ ኢንጂነሩም ሁሉም ባሉበት ‘አልገባኝም፣ አሳዪኝ’ በለኝ። ወንበር እስብልሃለሁ።”

“ይኼማ ምን ችግር አለው” አለ። “ነግሬያቸው የለም እንዴ?”

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬን አጸዳሁ፤ ተጨማሪ ወንበርም አመጣሁ። ላፕቶፑን ክፍቱን በሁለት እጁ ይዞ ከቦታው ሲነሣ አየሁት። ወደ እኔ መጣ፤ ፈገግ ብሎ መጣ። መሐል ላይ ሲደርስ ቡድን መሪው ከወረቀቱ ቀና አለና “እህ፣ የዋሻው ሰው! እንዴት ነው?” አለው።

ባለቤቴ ቆመ። “አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው” አለ፤ ወደ ፕሪንተሩም ታጠፈ። ላፕቶፑን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶን ብዙ ቆመ። ከፕሪንተሩ ምንም አልወጣም።