የጥር ሰባቱ ካርድ

ዲንቄ ነገሌ ቦረና በሚገኘው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የፀሐይ መመዝገቢያ ካርዱን ሌላ ሰው ሲነካው አትወድም ነበር። ግቢው ውስጥ የቆመው የመስተዋት ኳስ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ካርዱ ላይ ቡናማ መስመር ያቃጥላል፤ ፀሐይ ስትጋረድ መስመሩ ይቋረጣል።

ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መስመሩ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተቋርጦ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ቀጠለ። ዲንቄ ከጎኑ "ደመና የለም፤ ጨረቃ ፀሐይን ጋረደች" ብላ ጻፈች።

በወሩ ተቆጣጣሪው ሽመልስ መጥቶ ካርዱን ገላበጠው።

"እትዬ ዲንቄ፣ ኳሱ ላይ ነጠላዎን አስጥተውበት ነበር እንዴ?"

"ግርዶሽ ነው።"

"ግርዶሹማ ኬንያ ነው የተባለው። እኔ ያን ቀን ቦሬ ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም።"

ዘበኛው ጂሎ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቦሬ ጉም ውስጥ ተቀምጠህ ፀሐይን ልትመሰክርባት ነው?"

ሽመልስም ፈገግ አለ፤ እርሳስ ግን አቀበላት። "መስመሩን ይቀጥሉትና ይለቅ። አለዚያ የቸልተኝነት ማስጠንቀቂያ ልጽፍ ነው። ማስጠንቀቂያ ካለ ደግሞ የጣቢያ ኃላፊነቱን ያጡታል።"

ያን ኃላፊነት ስምንት ዓመት ጠብቃዋለች። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"ያላየሁትን ፀሐይ አልጽፍም፤ ያየሁትንም ግርዶሽ አልፍቅም። የዶሎ ኦዶ ጣቢያን የዚያን ቀን ካርድ አስመጥተው ያስተያዩት።"

ማስጠንቀቂያው ተጻፈ። ሹመቱ ሊወሰን አራት ቀን ሲቀረው ሽመልስ አቧራ ለብሶ ከዶሎ ኦዶ ደረሰ። ካርዱን ከእሷው ካርድ አጠገብ ዘረጋው። ሁለቱም በተመሳሳይ ሰዓት ተቋርጠዋል፤ የዶሎ ኦዶው ክፍተት እንዲያውም ረዘም ይላል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁኑኑ መዝገብ ውስጥ ያስገቡትና ማስጠንቀቂያውን ላንሣ።"

ዲንቄ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን ገልብጣ አየችው። "የመዝጋቢው ፊርማ የለበትም።"

"እትዬ! ለእርስዎ የሚመሰክር ካርድ እኮ ነው!"

"ለእኔ ስለመሰከረ ያለ ፊርማ ላስገባው?"

ሽመልስ ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰ። ተፈርሞ ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ተነሣላት፤ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ዲንቄ ካርዱን ተቀብላ ፊርማውን አየች፣ መዘገበችው፣ ኳሷን ልትወለውል ወጣች።

ባለፈው ሚያዝያ አረፈች። ሁለቱ ካርዶች ዛሬም አንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ተፈርሞባቸዋል።