ሰባት ቤት ቆጥሬ ያልቆጠርኳቸው

የመጀመሪያው ምልክት ደረቅ ሳል ነበር። የጀመረውም በእኔ ነው። ኮሮና ሐረር ከገባ ከርሟል፤ ክትባቱ ግን እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም ነበር። ያኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሦስት ቀን ሳልኩ፣ አንድ ቀን አተኮሰኝ፣ የበርበሬ ሽታ ጠፋብኝ፣ በአምስተኛው ቀን ተነሥቼ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታሁ። በስድስተኛው ቀን ልጄ ዳዊት ማሳል ጀመረ። ዳዊት የስፖርት መምህር ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ስኳርም ደም ግፊትም የሌለበት፣ የአቦከርን ዳገት እየሮጠ የሚወጣ ሰው ነው። እኔን ሽማግሌውን በሦስት ቀን የለቀቀ በሽታ እሱን ምን ያደርገዋል አልኩ።

ይህን የምጽፈው በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሲድን ሌላው ለባሰበት ቤተሰብ ነው።

ጥፋቴ እንዲገባችሁ ማን እንደሆንኩ ማወቅ አለባችሁ። ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ የተማርኩት በራሴ ነው። ሸዋ በር አርባ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ፤ እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት ለቅሜዋለሁ። ከሁሉ በላይ የምታወቀው ግን በዘር ቆጠራ ነው። በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ ልጅ ሲታጭ ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ይቆጠራል። አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ጀምሮ ማን ማንን እንደወለደ በአንድ ወፍራም መዝገብ ጽፌ ይዣለሁ። እኔ ሳልቆጥር የማይጋቡ ቤቶች አሉ። እኔ ቆጥሬ ያለፈ፣ ኋላ ዝምድና የተገኘበት ጋብቻ እስከ ዛሬ የለም።

ዳዊት በሳለ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድን። የመረመረችው ወጣት ሐኪም ናት። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ሰካች። ዘጠና አራት።

"ትንሽ ወርዷል" አለች። "ዕድሜውና ጤናው ጥሩ ስለሆነ እቤት ሆኖ መከታተል ይቻላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አባባ። በቤተሰባችሁ በጉንፋን ወይም በሳንባ ምች በልጅነቱ፣ ወይም በወጣትነቱ ሳይታሰብ የሞተ ሰው አለ?"

ፈገግ አልኩ። "ዶክተር፣ ሌላ ሰው ብትጠይቂ መልስ አታገኚም ነበር። እኔ ግን ዘሬን እስከ ሰባት ቤት በጽሑፍ ይዣለሁ። በሳል የሞተ የለም። የኛ ቤት ደረት ድንጋይ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"መዝገቡን ላምጣልሽ?"

ዳዊት በጭምብሉ ውስጥ ሳቀ። "እባክዎ ዶክተር፣ እንዳያመጣው፤ ካመጣው እስኪመሽ ያነብልዎታል" አለ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።

ሐኪሟ የነገርኳትን ጻፈች። ትንፋሹ ካጠረ በዚያው ሰዓት እንድንመለስ አስጠነቀቀችን። ወደ ቤት ሄድን።

ቤት ዳማከሴ አሸሁለት። ምች ጨምሮበት ይሆናል ብዬ። ትንፋሹ ማጠር የጀመረው በማግስቱ ነው። አየሁት። በራሴ ሳል ለክቼ ነገ ይለቀዋል አልኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ አቃተው። አንድ ቃል ተናግሮ ይተነፍሳል። ከንፈሩ ጠቆረ። ባጃጅ ጠራሁ። ሆስፒታል ስንደርስ መለኪያው ሰባ ስድስት አለ።

ኦክስጅን አደረጉለት። ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ወጉት። በሆዱ አስተኙት። እኔን በር ላይ አስቆሙኝ። አላለቀስኩም። አልጸለይኩም። ከሲሊንደሩ ጋር የተያያዘች የውኃ ጠርሙስ አለች፤ ኦክስጅኑ ሲያልፍባት ትንተከተካለች። እሷን ሰማሁ። ጆሮዬ የሬዲዮ ጠጋኝ ጆሮ ነው፤ ድምፁ ሲደክም ያውቃል። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ሰው እንጀራ ሰጠኝ፤ በላሁ። ጣዕሙን አላውቅም።

በማግስቱ ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ ከፈላና በር መጣች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዝም ብሎ መቀመጥ ስላቃተኝ ሐኪሟ የጠየቀችኝን ነገርኳት።

"ምን ብለህ መለስክላት?"

"የለም አልኳት።"

"ዘውዴስ?"

"ዘውዴ ማን ነው?"

ዞራ አየችኝ። "የእናትህ ልጅ ነዋ። ካንተ በፊት የተወለደ። ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ጉንፋን ብለው ተዉት፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ከእሱ በፊት አስቴር። እሷም እንዲሁ። የአባባ ወንድምስ፣ ጋሼ መኮንን?"

"እሱን ምች መትቶት ነው።"

"የምን ምች። ሳምንት ሙሉ አስሎት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነው የሞተው። በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሃያ አምስት ዓመቱ፣ ወታደር፣ ግድግዳ የሚያክል ሰው።" ነጠላዋን አስተካከለች። "የአገሩን ዘር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለህ። የእናትህን ልጆች ግን አልቆጠርክም።"

"ሳይወልድ የሞተ ለጋብቻ አይቆጠርም፣ እትዬ።"

"ለጋብቻማ አይቆጠርም" አለች።

እናቴ ሁለት ልጆች እንደሞቱባት አውቅ ነበር። በምን እንደሞቱ ጠይቄያት አላውቅም። ስማቸውንም አልጠየቅሁም። የእኔ መዝገብ ወልደው ያለፉ ሰዎች መዝገብ ነው። በጉንፋን የሚሞት ሰው እዚያ ከመግባቱ በፊት ይሞታል። መዝገቡን መቶ ጊዜ ባገላብጠው ኖሮ መቶ ጊዜ ደረታችን ድንጋይ ነው እል ነበር።

ከአግዳሚው እስከ ሐኪሟ ክፍል ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ብዙ ቆየሁ። መናገር አለመናገሩን አሰብኩ። ልጁ ኦክስጅን ላይ ነው፤ አሁን ብናገር ምን ይለወጣል፣ ከማፈር በቀር? እንዲህ አሰብኩ። ከዚያ ገባሁና "ዋሽቼሻለሁ፤ ሳላውቅ ነው" አልኳት። ሦስቱንም ነገርኳት።

አልተቆጣችም። "በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ አላሰናብተውም ነበር" አለች። ይህች ቃል እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ከዚያ ተነሥታ ዳዊትን ከጥግ አልጋ አስነሥታ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስተኛችው፤ መለኪያው በየግማሽ ሰዓቱ እንዲታይ አዘዘች።

"ደሙ የኔ ነው። እኔስ እንዴት ዳንኩ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሲገባ ሴሉ ለጎረቤቶቹ የማስጠንቀቂያ መልእክት ይልካል። ኢንተርፌሮን ይባላል። በአንዳንድ ሰው ላይ፣ በጂን ልዩነት ምክንያት፣ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይደክማል። ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው መራጭ የለም። ሰው ራሱ ሳይጸናበት ጂኑን ለልጁ ሊያስተላልፍም ይችላል። የዳዊት ችግር ይሄ ነው ብዬ ግን አልነግርዎትም። ምርመራው እዚህ የለም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እኔ የምፈልገው የምጠነቀቅበትን ነገር ማወቅ ነው።"

ገባኝ። ከሷ በፊትም ስለ ጂን አንብቤ ነበር፤ በሰፈራችን ቃሉን የሚያውቅ ሽማግሌ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ያነበብኩትን ግን በራሴ ቤት ላይ አላየሁትም ነበር።

ሆስፒታል በተኛ በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መለኪያው ስልሳ ስምንት ወረደ። ዳዊት ሲገላበጥ የኦክስጅን ማስኩ ቱቦ ተላቅቆ ነበር። እጁን ለማንሳት አቅም አልነበረውም። ነርሷ ቀና ስትል አየችው። ሮጣ መለሰችው። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰባ። ሰባ አምስት። ሰማንያ ሁለት።

ወደ በሩ መጥታ "አልሐምዱሊላህ፣ አባባ" አለችኝ። "እጥጉ ላይ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አላየውም ነበር።"

ያን ጊዜም አላለቀስኩም። የውኃ ጠርሙሷን ድምፅ እያዳመጥኩ እስኪመሽ በሩ ላይ ቆምኩ።

ዳዊት ኦክስጅን ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ወጣ፤ ቤት ከገባንም በኋላ ማገገሙ እንደ ሕመሙ ፈጣን አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ እስከ ግቢው በር፣ በሦስተኛው ሳምንት እስከ ጎረቤት ሱቅ፣ በሁለተኛው ወር ደግሞ እያረፍንና አላፊ አግዳሚው እያስቆመን እንኳን እግዜር ማረህ እያለን እስከ ሸዋ በር እንሄድ ነበር፤ እዚያም ደርሰን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ስጠብቀው "አባባ፣ ዛሬ አንተ ነህ ጎረምሳው" ብሎ ይሳለቅብኝ ነበር። ከዓመት በኋላ ተማሪዎቹን ማሯሯጥ ጀመረ፤ እሱ ግን አብሮ አይሮጥም፣ ቆሞ ያዛል።

ለሐኪሟ፣ ለነርሷና ለእትዬ በላይነሽ ምስጋናዬ የማያልቅ ነው። እህቴን በተለይ። ያወቀችውን ሰባ ዓመት ይዛ ስትኖር የጠየቃት አልነበረም።

ቤቱ በሽተኛ ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው። እናንተን ቶሎ የለቀቀ ጉንፋን ልጃችሁንም ቶሎ ይለቃል አትበሉ። ትንፋሽ ካጠረ ዳማከሴ ፍለጋ አትውጡ። ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ መልሱን የምታውቁ ቢመስላችሁም አትመልሱ፤ መጀመሪያ በዕድሜ የገፉትን ሴቶች ጠይቁ። የሞቱ ሕፃናትን ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዛሬም ለጋብቻ ቆጠራ እጠራለሁ፤ ዛሬም የሚስተካከለኝ የለም። ቆጥሬ ስጨርስ ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ በጉንፋን የሞተባችሁ ልጅ አለ ወይ እላለሁ። ጋብቻ ለማፍረስ አይደለም፤ ነገ የሚወለደው ሲያስል በጊዜ ሐኪም ቤት እንዲወስዱት ነው። ብዙ ሰው ይቀየመኛል። ባለፈው አንድ የሙሽራ አባት "ጋሼ፣ ለሠርግ ጠርተንዎት ሙት ይቆጥራሉ?" አለኝ። አዎ አልኩት። የለብንም አለ፤ መዝገቤን አጠፍኩ።

ስወጣ የሙሽራው አክስት በር ላይ ጠበቀችኝ። "አንድ ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ታናሼ ነበር። ስምንት ወሩ።"

እዚያው ቆሜ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከፈትኩና ስሙን ጠየቅኋት።