ምች ያለበት ምርቃት

ከልጅነቴ ጀምሮ ከንፈሬን ምች ይመታኛል። ቅባት ስቀባው ይደርቃል፤ ድካም ሲበዛብኝ ተመልሶ ይወጣል። ለምጄዋለሁ። ስወልድ ግን ነርሷ፣ «ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ሕፃኑን እንዳይስመው፤ ለጨቅላ አደገኛ ነው» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ባለፈው ዓርብ የአማቴ አባት፣ አባ ፈረደ፣ ልጄን ሊመርቁ ከሚኖሩበት ከተማ ከቂርያት ዔቅሮን በአውቶቡስ መጡ። ቤታችን በዘመድ ተሞልቷል። ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ላይ ምች ወጥቷል፤ የዳማከሴ ቅጠል ለጥፈውበታል። የእኛ ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ ግንባር ላይ እንትፍ፣ እንትፍ ይላል።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ልጄን አቀረቡላቸው። ተነሥቼ ከአማቴ እጅ ወሰድኩት።

«አይሆንም! ምች ይጋባበታል።»

«ምች ከፀሐይ ነው የሚመጣው!» አሉ አማቴ። «ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ዶክተር መጣችልን! ሽማግሌ ታዋርጃለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም እል ነበር።

«ቤሰደር፣ እሺ ይሁን፣ ባለጌ በሉኝ። ልጄን ግን አልሰጥም።»

አባ ፈረደ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ተባረኪ፣ ልጄ። እኔንም ሐኪሜ ሕፃን እንዳልጠጋ ከልክላኛለች። እንዴት እምቢ እንደምል መንገዱን ሙሉ ሲጨንቀኝ ነው የመጣሁት።»

ወደ አማቴም ዞሩ።

«ከፀሐይ ነው አላልሽም? በይ ነይ፣ አንቺን ልመርቅሽ።»

አማቴ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳቡት።