ሐኪሙን ለማሳረፍ ወደ ጓሳ ሜዳ

ማክሰኞ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ

ፍልሰታ ከተፈታ አራተኛ ቀኑ ነበር። የሆስፒታላችን ኃላፊ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስጠሩኝና አንድ ደብዳቤ ሰጡኝ። ደብዳቤው የተጻፈው ለዶክተር ኃይሉ ነው። ዶክተር ኃይሉ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ ጓሳ ሜዳ በምትባል የደጋ አጥቢያ፣ በቅማል የሚተላለፈውንና የሚያገረሸውን ትኩሳት ሲታገሉ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ትእዛዙ ሥራውን ለእኔ አስረክበው ወደ ጎንደር እንዲወርዱ የሚል ነበር።

"ምን አጠፉ?" አልኳቸው።

"እሳቸው ምን ያጠፋሉ! በየሳምንቱ ይጽፉልኛል። ስለ በሽተኛው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዝናቡ ሁሉ ይጽፋሉ። ስለ ራሳቸው ግን አንድ ቃል ጽፈው አያውቁም። የትናንቱ ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። 'መድኃኒት ላኩ። እኔ ደህና ነኝ' ይላል። ያስፈራኝ ይኸ ነው።"

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ቁስል መስፋት ያስተማሩኝ ዶክተር ኃይሉ ናቸው፤ እንዲያወርዷቸው ከሚላኩት ሁሉ የምሻለው እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም።

ወደ አሥመራ ኑግ የምትጭን ማኪና አገኘሁ። ሹፌሩ ሣጥኖቼን አንድ በአንድ እየጫነ፣ "ቅማሉ ውስጡ የለም አይደል?" ሲል ጠየቀኝ። ያለው ፔኒሲሊን፣ ቅማል ገዳዩ ዲዲቲና ሳሙና ብቻ መሆኑን ነገርኩት። ያም ሆኖ እስከ ኮሶዬ ድረስ ትከሻውን ሲያክ ነበር።

ኮሶዬ ላይ ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ምንም አይታይም። ጣሊያን የሠራው መንገድ በክረምቱ ተቦርቡሯል፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ድንጋይ ደለደልን። አምባ ጊዮርጊስ የበግ ቅቅል በላን። ደባርቅ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ንፋሱ የባርኔጣዬን ጠርዝ ገልብጦ ተቀበለኝ።

ረቡዕ፣ በበቅሎ

በማግሥቱ መሪዬ አያ ድንቁ የሚባሉ፣ ጢማቸው የሸበተ የጓሳ ሜዳ ገበሬ ነበሩ። መንገዱ ጭቃ ነው። ገብሱ ማሸት ጀምሯል፤ ከፍ ስንል ማሳው እያነሰ ጅባራው እየበዛ ሄደ። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር እየነጨ አሻግሮ ያየናል። ከበቅሎ አንድ ጊዜ ወደቅሁ። አያ ድንቁ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ሣቃቸውን ጨረሱና እንደገና በቅሎዋ ላይ አወጡኝ።

"ሐኪሙን ያውቋቸዋል?" አልኳቸው።

"ምነው አላውቃቸው! ልጄን ያተረፉልኝ እሳቸው አይደሉም? ሸጋ ሰው ናቸው። ብቻ..." በቅሎዋን ያዝ አደረጓት። "ብቻ አንድ ነገር ሲነግሯቸው ይሰማሉ፣ ዞር ሲሉ ይረሱታል። የቀረበላቸው እህል ሳይነካ ይበርዳል። ሰው እንዲህ ሲሆን እኛ ብቻውን አንተወውም።"

"ታዲያ ለምን ወደ ጎንደር መልእክት አልላካችሁም?"

"ማን ጠየቀን?"

በቅሎዬን ወደፊት ነዳሁ።

ጓሳ ሜዳ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። በሽተኞቹ የተኙት የቤተ ክርስቲያኑ ካህናት በለቀቁት ሰፊ የዜማ ቤት ውስጥ፣ በጭድ ላይ ነው። በደጁ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ጢሙ አድጓል፤ ነጭ ካፖርቱ የተሰቀለበት እንጂ የለበሰው አይመስልም። እስክቀርብ ድረስ ዶክተር ኃይሉ መሆናቸውን አላወቅሁም።

"ደሳለኝ፣ ውሃው ፈላ?" አሉኝ።

ደሳለኝ አብሯቸው የሄደው ረዳታቸው፣ ድሬሰሩ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ በዚሁ ትኩሳት ሞቷል።

"ዶክተር፣ ጌታሁን ነኝ።"

አተኩረው አዩኝ። "አዎ፣ ጌታሁን። ፀሐዩ ከኋላህ ስለሆነ ነው" አሉ። ፀሐይ አልነበረም፤ ያካፋል።

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው፤ አንብበው አጣጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። "ሥራው ሲያልቅ እወርዳለሁ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሐሙስ

ጠዋት በሽተኞቹን ለማየት አብሬያቸው ዙር ወጣሁ። ሦስተኛው በሽተኛ ዘንድ ስንደርስ መርፌ አዘጋጁ። ሰውየው በደከመ ድምፅ፣ "ሐኪም፣ አሁን ወግተውኝ አልነበረም?" አላቸው። እውነቱን ነበር፤ እኔም አይቻለሁ። የዶክተር ኃይሉን እጅ ያዝኩ። እጁ እሳት ነው።

መዝገቡን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። በሽተኛው ሁሉ ከነአባቱ ስም በሥርዓት ተጽፏል፤ አንድ መስመር ላይ ብቻ ስም የለም። የዚያ ሰው ትኩሳት ለቀናት አርባ ዲግሪ ደርሶ ወርዷል፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ወጥቷል። አሁንም እየወጣ ነው።

ወይዘሮ ያልጋነሽ ቅማሉን ለመግደል የበሽተኞቹን ልብስ እየቀቀለች ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ ታማ የዳነች የዚያው አገር ሴት ናት፤ ከዳነች ወዲህ ለበሽተኛው ማብሰሉንና ማጠቡን ይዛዋለች።

"ይኸ በሽተኛ የቱ ነው?" አልኳት። ቀኖቹን ነገርኳት።

"እኔ የማላውቀው በሽተኛ እዚህ የለም" አለች። ከዚያ ማማሰያዋን አስቀመጠች። "በነዚያ ቀኖች ሐኪሙ ጋቢ ተከናንበው ነው የሚሠሩ።"

ተመልሼ ገባሁ። "ዶክተር፣ ስም የሌለው በሽተኛ እርስዎ ነዎት።"

አልካዱም። "መድኃኒቱ ከበሽተኛው አነሰ። ከማን ልንጠቅ?"

"አሁን መጥቷል። እጅጌዎን ይሰብስቡ።"

"ዙሩን ልጨርስ።"

ያልጋነሽ ተከትላኝ ገብታ ኖሯል። "አንቱ ሐኪም፣ እኔን ያስተኙኝ ጊዜ አረሜን ልጨርስ ብዬ ለምኜዎት አልነበር? ሰሙኝ?" አለቻቸው። መርፌ ያለበትንም ሳህን ከእጃቸው ወሰደችው።

ዶክተር ኃይሉ የሚይዙት ነገር ሲያጡ ተቀመጡ፤ ፔኒሲሊኑን ወጋኋቸው።

በዚህ በሽታ ከመርፌው በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓቶች ክፉ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ መንቀጥቀጡ ጀመረ። አልጋው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ያልጋነሽና አያ ድንቁ በሁለት ጋቢ ሸፍነው ያዟቸው። የደም ሥራቸው ምት ከጣቴ ሥር ሲደክም ይሰማኛል። ያን ጊዜ መተማመኔ ሁሉ ጠፋ። ለአስተማሪዬ ራሴ የሰጠሁትን መድኃኒት እየረገምኩ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ላብ አጠመቃቸው፤ ከዚያ ትንፋሻቸው ረጋ።

እስከ ማግሥቱ ቀትር ተኙ። ዙሩን እኔ ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ዓርብ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ "ስንት ሰው ሞተ?" ብለው ነው።

"ማንም አልሞተም።"

"እኔ ተኝቼ?"

"እርስዎ ተኝተው።"

ይቀየማሉ ብዬ ነበር። ሣቁ፤ ሣቁም ወደ ልቅሶ ተለወጠባቸው። "ደሳለኝ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም፣ ሌላ በሽተኛ ዘንድ ነበርኩ" አሉኝ። "ከዚያ ወዲህ መቀመጥ ፈራሁ። ከተቀመጥኩ እሱን አስባለሁ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ድንቁ የዶክተር ኃይሉን እጅ ይዘው ወደ ደሳለኝ መቃብር ወሰዷቸው። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ያልጋነሽ አጥሚት ሰጠቻቸው፤ ጨርሰው ሲጠጡ ጨመረችላቸው።

እንደ ተስማማነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናችንም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መዝገብ አንነካም፤ በየሳምንቱም አንድ ሙሉ ቀን እናርፋለን። የሁለታችንንም ትኩሳት የምትለካው ያልጋነሽ ሆነች። ቁጥር ማንበብ ያስተማርኳት በሁለት ቀን ነው። ዶክተር ኃይሉ በአሥረኛው ቀን በአያ ድንቁ በቅሎ ወረዱ። "እንደዚህ ሆኜ ማንንም አላክምም። ድኜ እመለሳለሁ" ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ትኩሳቱ እስኪበርድ ቆየሁ። ከበሽታው የዳኑ ጎልማሶች ልብስ መቀቀሉንና ዲዲቲ መንፋቱን ከእኔ በተሻለ ያዙት። በዕረፍት ቀኔ ጫማዬን አውልቄ ገደሉ አፋፍ ላይ እተኛ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ፤ በኋላ ግን በማግሥቱ የምሠራው ሥራ ንጹሕ መሆኑን አየሁ።

ጎንደር

በጥቅምት ደመናው ሲገለጥ ተመለስኩ። ባለቤቴ ከበር ሳላልፍ፣ "ልብስህን እዚያው!" አለችኝ። ነጠላ ለብሼ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ ካፖርቴ ሲቀቀል አየሁ። ዶክተር ኃይሉ ወፍረዋል፤ በቀን ለጥቂት ሰዓት ማስተማር ጀምረዋል።

በዚህ ጉዞ ያወቅሁት ብዙ አይደለም። የሐኪም ድካም ለበሽተኛውም አደጋ ነው፤ ድካሙን ደግሞ የደከመው ሰው ራሱ አያየውም። ስለዚህ የሚያየው ሌላ ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ይህንኑ ለኃላፊው በጽሑፍ ሰጠኋቸው። አነበቡና፣ "አይከል አካባቢም ትኩሳቱ ተነሥቷል። ሰኞ ትሄዳለህ?" አሉኝ።

"ሁለት ከሆንን ነገውኑ እሄዳለሁ።"

"ሰው የለኝም፣ ጌታሁን።"

"ያልኩት ተጽፎ እጅዎ ላይ አለ።"

ብዕራቸውን አነሡ። ስሜን ጻፉና ቆሙ። ሁለተኛውን ስም ለማሰብ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም እስኪጽፉት ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም።